ጎተራው የታለ?

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ “ጎተራ ወራጅ አለ!” ብትሉ የምትወርዱት ማሳለጫው ዘንድ ነው። ድልድይ በድልድይ ላይ፣ ጥሩምባ፣ ጭስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያው ከተተከለው የእህል ማከማቻ ነው። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ በኛ ዕድሜ ካለነው ውስጥ “ጎተራ” ሲባል ጤፍና ማሽላ ትዝ የሚለው ስንቱ ነው?

ደሴዎችም ብንሆን ብዙ አንሻልም። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ልጅ ሆኖ፣ ማለትም ስሙ ራሱ “እዚህ ከተማ ነው” የሚል ሰፈር ልጅ ሆኖ፣ ሰኞ ገበያ የሚራገፈው ገብስና ማሽላ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። እህል የሚመጣው በማዳበሪያ ነው፤ በቃ። ከማዳበሪያው በፊት የት ነበር? ማንስ ሞላው? ማንስ አጎደለው?

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ፎቶግራፍ ነው። በተለይም የገበሬ ቤትን፣ ጎተራን፣ ጋጣን፣ አጥርን አንስቶ መስመርና ጥላ ብቻ ስለሚያደርገው፣ “ረቂቅ” ወይም አብስትራክት ስለሚባለው ፎቶግራፍ። “ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?” እንዳትሉኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወሎ ይገባል። ሲገባም ቀልድ አይደለም።

(ዓመተ ምህረት ላይ እንግባባ፤ የውጭውን እ.ኤ.አ.፣ የኛን ዓ.ም. እላለሁ።)

፩. ነጩ ግድግዳ

ቻርልስ ሺለር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ተወለደ፤ ሙያው ስዕል ነው። ስዕል እንጀራ አልሆንለት ሲል ካሜራ ገዛና ለአርክቴክቶች ቤት ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ከጓደኛው ከሰዓሊው ሞርተን ሻምበርግ ጋር ሆኖም ዶይልስታውን በምትባል የፔንሲልቫኒያ ከተማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ አሮጌ የገበሬ ቤት ተከራየ። ቅዳሜና እሁድ እዚያ ነው።

በ1917 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሺለር በዚያው አገር ያለ አንድ ነጭ “ባርን” ፎቶ አነሳ። ባርን ማለት የነሱ ገበሬ እህሉንም ድርቆሹንም ከብቱንም ባንድ ጣሪያ ስር የሚያኖርበት ትልቅ ቤት ነው፤ ጎተራና ጋጣ ባንድ ላይ እንደማለት። ሺለር ግን ቤቱን በሙሉ አላነሳም። ጎኑን ብቻ ነው ያነሳው። ወደ ግድግዳው ቀረበና ሰማዩን አስቀረ፤ ፎቶው ከሞላ ጎደል ኖራ የተቀባ ጣውላ ብቻ ሆነ። ጣውላ፣ ከጣውላው አጠገብ ጣውላ፣ ጥቂት ትናንሽ መስኮቶች። ብርሃኑ እያንዳንዱን ስንጥቅ ያሳያል። ሰው የለም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1916 እ.ኤ.አ. ፖል ስትራንድ የሚባል ወጣት ፖርት ኬንት በምትባል የኒውዮርክ ግዛት መንደር ውስጥ አንድ ነጭ የእንጨት አጥር አነሳ። አጥሩ ፊት ለፊት ደመቅ ብሎ ተደርድሯል፤ ከኋላው ጠቆር ያሉ ቤቶች አሉ። ፎቶው “ካሜራ ወርክ” የተባለው መጽሔት በ1917 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጨረሻ እትም ላይ ታተመ። ፎቶግራፍ ዘመናዊ የሆነበትን ጊዜ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን፣ አጥሩንና ግድግዳውን፣ ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ለምን ግን የገበሬ ቤት? ምክንያቱ ቀላል ነው። እስከዚያ ድረስ “አርቲስት ነኝ” የሚል ፎቶ አንሺ ስራው ፎቶውን ስዕል ማስመሰል ነበር። ጭጋግ፣ ደብዘዝ ያለ መልክ፣ ህልም መሳይ ሴት። በ1913 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አርሞሪ ሾው የተባለው ትልቅ የስዕል ትርኢት ተከፈተና የአውሮፓን አዲስ ስዕል፣ ነገሩን ሁሉ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን የሚያደርገውን ኩቢዝም፣ ለአሜሪካ አሳየ። ሺለርም እዚያው ስዕል አቅርቦ ነበር። ታዲያ ከትርኢቱ ወጥቶ ወደ ዶይልስታውን ሲመለስ ምን ያያል? ጌጥ የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ ለጥቅም ብቻ የተሠራ ግድግዳ። ኩቢዝሙ ጓሮው ቆሞ ኖሯል። ማንም አርክቴክት ያልነደፈው ነገር፣ ገበሬ ለከብቱና ለእህሉ የሠራው ነገር፣ ከፓሪስ ስዕል ጋር ሲተያይ አላፈረም።

ይሄ ግኝት ነው፤ ማንኳሰስ አይገባም። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬን ግድግዳ እንደ ቤተ መንግስት ግድግዳ በክብር አየው። ችግሩ የመጣው ቀጥሎ ነው።

፪. ሳይሎው ላይ የተደረገ ቀዶ ጥገና

በዚያው በ1913 እ.ኤ.አ. ዋልተር ግሮፒየስ የሚባል ጀርመናዊ አርክቴክት (በኋላ ባውሃውስን ያቋቋመው) በአንድ የጀርመን ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ ጽሑፍ አወጣ። ከጽሑፉ ጋር ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰቡ የትልልቅ የእህል ሳይሎዎች ፎቶዎች ነበሩ። ሳይሎ ማለት በሲሚንቶ የተሠራ የጎተራ አያት ነው። ግሮፒየስ ግን ከጥንት ግብጾች ሐውልት ጋር አወዳደራቸው። አሜሪካ ሄዶ አይቷቸው ነው? አላየም። አሜሪካን የረገጠው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። የወደደው ፎቷቸውን ነው።

ከዚያ ሌ ኮርቡዚዬ መጣ። ይሄ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ከተማ መልክ የቀየረው ሰውዬ እነዚያኑ ፎቶዎች ከግሮፒየስ ወስዶ በመጽሔቱ፣ ኋላም በ1923 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታዋቂ መጽሐፉ ላይ አተማቸው። ሲያትማቸው ግን አንድ ነገር አደረገ። የአርጀንቲናው ሳይሎ ጣሪያው ላይ ሦስት ማዕዘን ጌጥ ነበረው፤ እሱን በቀለም አጠፋው። ንጹህ ሲሊንደር፣ ንጹህ ኪዩብ እንዲሆንለት። ዛሬ ፎቶሾፕ የምንለውን በብሩሽ ሠራው ማለት ነው። አታለለ እንበል ወይስ አልበላሽም? ለማንኛውም ዘመናዊ ኪነ ሕንፃ ከተጸነሰባቸው ፎቶዎች አንዱ የተቆረጠ የእህል ጎተራ ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተቆረጠው ጌጡ ብቻ አይደለም። ጌጡ ቢጠፋ ጌጥ ነው። ከፎቶው የወጣው ዋናው ነገር እህሉ ነው። ስንዴው የማን ነው? ገበሬው በስንት ሸጠ? ባቡሩ በስንት ጫነ? ሳይሎ እኮ ለመታየት አልተሠራም፤ ስንዴን ከገበሬ እጅ አውጥቶ ዋጋ እስኪወጣ ለማቆየትና ወደብ ለማድረስ ነው የተሠራው። ፎቶው ላይ ግን ሲሊንደር ነው። ያምራል፤ ዝም ይላል።

ይህን መንገድ እስከ ጥጉ የሄዱበት ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤሸር ናቸው። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የማዕድን ማማ፣ የውሃ ታንከር፣ የእህል ሳይሎ አነሱ። ሁሌም ደመናማ ሰማይ፣ ሁሌም ፊት ለፊት፣ ሁሌም ያለ ሰው። ከዚያ ዘጠኙን ወይም አሥራ አምስቱን ባንድ ላይ ይደረድሯቸዋል፤ ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ። በ1990 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቢዬናሌ ሽልማት ሲሰጣቸው በፎቶግራፍ አልነበረም፤ በቅርጻ ቅርጽ ነበር! ግን አንድ የማደንቅላቸው ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር ቦታውንና ዓመቱን ይጽፋሉ። ህንጻው ሊፈርስ መሆኑን ያውቃሉ፤ ብዙዎቹም ፈርሰዋል። የነሱ ረቂቅ ፎቶ ስም አለው። ይቺን ያዙልኝ።

፫. ወሎ፦ ፊት ያለ ቤት

አሁን ወደ አገራችን። በፈረንጅ አገር የገበሬው ቤት ያለ ሰው ተነሳ አልን። ወሎ ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሰው ያለ ቤት ተነሳ።

ደሴ ካሜራ ያወቀችው በ66ቱ ረሃብ አይደለም። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሰ ነገሥቱም የውጭ ጋዜጠኞችም ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ባልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ከዚያ በኋላ ግን ወሎ በዓለም ፊት የታወቀችው በሁለት ፊልም ነው።

የመጀመሪያው የጆናታን ዲምብልቢ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ “ያልታወቀው ረሃብ” ያለውን ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። በአገር ውስጥ ረሃቡ ከተጀመረ ቆይቷል፤ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶ በስድስት ኪሎ ግቢ አሳይተው ነበር። መንግስት ግን ጉዳዩ እንዲወራ አልፈለገም። ያው ፊልም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግስት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በአገራችን ታሪክ ፎቶና ፊልም ይህን ያህል ጉልበት ኖሮት አያውቅም።

ሁለተኛው የ77ቱ ነው። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ስር ከነበረችው ከኮረም ያነሱት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። ቀጥሎ ዘፈኑ፣ ኮንሰርቱ፣ እርዳታው መጣ። ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም በዚያው ጊዜ መጥቶ አንስቷል፤ የሱ ፎቶዎች ዛሬም በሙዚየም ይሰቀላሉ።

እነዚህን ምስሎች ለማውገዝ አልተነሳሁም። ያለ እነሱ ስንት ሰው በተጨማሪ ያልቅ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። የ66ቱ ራሱ በዝቅተኛው ግምት 40 ሺህ፣ በከፍተኛው 200 ሺህ ሰው ጨርሷል ይባላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በነዚህ ሁሉ ምስሎች ውስጥ የት ነው ያለነው? መጠለያ ውስጥ። ሜዳ ላይ፣ ብርድ ልብስ ስር፣ ጭጋግ ውስጥ። ቤቱ የለም። አውድማው የለም። ጎተራው የለም። ሰዎቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ።

ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ካሜራው የደረሰው መኪና የሚደርስበት ድረስ ነው። ገበሬው ወደ አስፋልቱ የወጣው ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ነው። ካሜራ የያዘው የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ ነው። ከፊት ያሉት ገጾች መንደር ቀርተዋል።

፬. ጎተራ የሚያወራው

እነዚያን ገጾች ያነበቡልን ተመራማሪዎች ናቸው። ደሳለኝ ራህመቶ የ77ቱን ረሃብ ያጠኑት መጠለያ ውስጥ ሳይሆን አምባሰል፣ ገበሬው መንደር ሄደው ነው። ያገኙት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ረሃብ ድንገት አይመጣም፤ ገበሬውም ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም። መጀመሪያ ይቆጥባል፤ የሚበላው ይቀንሳል፣ ይሳሳል። ቀጥሎ ስራ ፍለጋ ወጣ ይላል። ቀጥሎ ያለውን ይሸጣል፤ ፍየል፣ በግ፣ በሬ፣ የቤት ዕቃ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው በጅምላ የሚሰደደው። መሐመድ አሚን ያነሳው ይህን የመጨረሻውን ነው።

አሁን ጎተራውን አስቡት። በኛ አገር ጎተራ ከቀጭን እንጨት ወይም ከቀርከሃ ይጎነጎናል፤ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ እርጥበትና አይጥ እንዳይደርስበት በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ከፍ ይላል፤ ከላዩ የሳር ክዳን ይደፋበታል። ጎታ ደግሞ ቤት ውስጥ ነው፤ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ቀለበት በቀለበት ላይ እየተነባበረ የሚወጣ፣ ከስሩ ትንሽ ማውጫ ያለው። ጎታን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ቀለበቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሌላ ቀለበት። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የጣት መስመር አለበት። ከሺለር ግድግዳ የሚያንስበት ምንም ነገር የለም፤ እንዲያውም የሱ ጣውላ ጣት የለውም።

ረሃብ በፎቶ ላይ የሚጀምረው ፊት ላይ ነው። በመንደር ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጎታ ሲጎድል፣ ማውጫው በየስንት ቀኑ እንደሚከፈት ሲቆጠር፣ ለዘር የተቀመጠው ሲነካ። ዘር ተነካ ማለት የሚቀጥለው ዓመትም ተበላ ማለት ነው። ምርጉ ተሰነጣጥቆ ማንም ሳያድሰው የከረመ ጎተራ ፎቶ፣ በጊዜው ቢነሳ፣ ከመጠለያው ፎቶ በፊት ብዙ ወራት ቀድሞ መናገር ይችል ነበር።

ሌላም ነገር ይናገር ነበር። አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ (በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያገኙት) በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት የድህነትና የረሃብ መጽሐፋቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል። ስለ 66ቱ ወሎ የጻፉት ነገር ደሴ ላይ ያደገ ሰውን ያስደነግጣል። ሰው እያለቀ ሳለ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም። ጭራሽ ከወሎ እህል እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር! እንዴት? ዝናብ ሲቀር የገበሬው ማሳ ምርት አልሰጠውም፤ ማሳው ካልሰጠው ደግሞ ከገበያ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የሚገዛ ከሌለ ዋጋ አይወጣም፤ ዋጋ ካልወጣ ነጋዴ እህል አያመጣም፤ ያለውንም ገንዘብ ወዳለበት ይወስዳል። የአፋር አርብቶ አደሮችም አዋሽ ዳር የነበረ የግጦሽ መሬታቸው ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው፣ የቀረው ከብታቸው ዋጋ ከእህል አንጻር ወድቆባቸው ነው የተራቡት። እህል በመንገዱ ያልፍ ነበር። መግዣው ነበር ያልነበረው።

ይህን ፊት ብቻ የሚያሳይ ፎቶ አይነግራችሁም። የተራበ ፊት “ምግብ የለም” ነው የሚለው፤ “ዝናብ ጠፋ፣ እግዜር ተቆጣ”። ባዶ ጎተራና ሙሉ የነጋዴ መጋዘን ጎን ለጎን ቢነሱ ግን ጥያቄው ይቀየራል፤ “እህሉ የት ሄደ?” ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ እርዳታ ያመጣል። ሁለተኛው ተጠያቂ ያመጣል።

የጎተራ ታሪክ ደግሞ ሁሌም የ“ማን ወሰደው” ታሪክ ነው። ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ በፊት ጭሰኛው ካመረተው ለባለመሬቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይሰፍር ነበር። አዋጁ መሬቱን ሰጠው። ግን ብዙም ሳይቆይ “እርሻ ሰብል” መጣ፤ ደርግ ያቋቋመው የእህል ገዢ ድርጅት። ኮታ ተመድቦ፣ ዋጋው ከገበያ በታች ተቆርጦ፣ ገበሬው ያስረክባል። ኮታው አልሞላ ሲለው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ አለ። ይህ በ1982 ዓ.ም. የምጣኔ ሀብት ፖሊሲው እስኪቀየር ድረስ ዘለቀ። ታዲያ አንድ ጎተራ ስታዩ የምታዩት ጭቃና እንጨት ብቻ ነው?

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ሌላው ጎተራ ይመጣል። ከደሴ ሐረጎን ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,800ዎቹ፣ ሜዳው ላይ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ያበራሉ። ፋብሪካዎቹ አሉ፤ የእርዳታና የመጠባበቂያ እህል መጋዘኖችም አሉ፤ ኮምቦልቻ ከአገሪቱ ዋና ዋና የእህል ማቆያዎች አንዷ ናት። እነዚህ ለረቂቅ ፎቶ የተፈጠሩ ናቸው፤ ረጅም መስመር፣ ቆርቆሮ፣ ጥላ። ግን ህዳር 2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ መጋዘን ተዘርፎ የተባበሩት መንግስታት ድርጅት በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ ስርጭቱን ማቆሙን ሲያስታውቅ ያ መስመርና ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም አወቅነው። ቆርቆሮው ያው ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ከውጭ ቆሞ የሚነሳ ፎቶ ሁለቱን አይለይም።

፭. ታዲያ ምን ይሁን?

አንድ ሰው “ሰው ሲራብ የኖረበትን አገር ጎተራ አንስቶ ‘እንዴት ያለ ውብ መስመር ነው’ ማለት ነውር ነው” ሊለኝ ይችላል። ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልመልስ። “ለድሃ ውበት አያስፈልገውም” የሚለውን ማን ነው የወሰነው? ያቺ ጎታዋን የለሰነች ሴትዮ እንዲያምርላት ብላ ነው የለሰነችው፤ ለመያዝ ብቻ ቢሆን ጣቷን እኩል እያስኬደች ባልደከመች። የሚያንኳስሳት ፎቶው መቅረቡ አይደለም። ስሟ መቅረቱ ነው።

ረቂቅ ጥበብም ለኛ የውጭ ዕቃ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ረቂቅ ስዕል አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ “ይሄ የኛ አይደለም” ያሉት ነበሩ። ዛሬ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለን። በፎቶግራፍ በኩልም አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር፣ ኋላም በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ውሃ እጦት የሚናገሩ ምስሎችን አፋር፣ ዳሎል ላይ በቀይና በሰማያዊ ስትሠራ፣ ያረጀውን የ“ተጠማች አፍሪካ” ፎቶ ሆን ብላ ትታ ነው። ደረቅ ከንፈር አላሳየችም። ሴት፣ ቀለም፣ እንስራ፣ አድማስ ነው ያሳየችው። ተመልካቹም ከማዘን በፊት ማሰብ አለበት።

ስለዚህ ከሺለርም ከቤሸሮችም የምንወስደው አለ። ከሺለር ጠጋ ብሎ ማየትን። ከቤሸሮች ሳይፈርስ ማንሳትን፣ ከስሩም ቦታና ዓመት መጻፍን። ሁለቱም ያልጻፉትን ደግሞ እኛ እንጨምራለን፤ ማን ሠራው፣ ስንት ኩንታል ይይዛል፣ ምን ነበረበት፣ መቼ ባዶ ሆነ።

ጊዜ የለንም ደግሞ። ጎተራው እየሄደ ነው። አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት መጥቷል፤ ነቀዝን ስለሚያፍን ለገበሬው ይሻለዋል፤ “ለፎቶ ስለሚያምር በጭቃው ቆይ” የሚለው ሰው ካለ እሱ ነው ነውረኛው። እንጨትና ሳር ተወዷል፤ ጎታ መስራት የሚያውቁት እናቶች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም አረብ አገር ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የሺለር ባርኖች ፎቷቸው በሙዚየም ቀርቷል። የኛዎቹ ፎቷቸውም አይቀር።

ለመስቀል፣ ለአረፋ፣ ለመውሊድ ወደ ገጠር የምትወጡ ሰዎች አላችሁ። ወደ ኩታበር፣ ወደ ተሁለደሬ፣ ወደ ቃሉ፣ ወደ አምባሰል። ሁላችሁም ስልካችሁ ካሜራ አለው። ራሳችሁን ካነሳችሁ በኋላ (ያው አይቀርም) ወደ ጓሮ ዞር በሉና ጎተራውን አንሱልን። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አንሱት፤ ያኔ ጥላው ምርጉን ያወጣዋል። አንዴ ጠጋ ብላችሁ፣ የጣት መስመሩ እስኪታይ። አንዴ ራቅ ብላችሁ፣ ቤቱና ማሳው እስኪታይ። ከዚያ ግቡና እናትየውን ጠይቁ፤ “እማማ፣ ይቺን ማን ለሰናት? በ77 ምን ነበረባት?” በሉ። የሚሏችሁን ጻፉት፤ ስማቸውንም እሳቸው ከፈቀዱ ከፎቶው ስር አስፍሩት።

ከዚያ በኋላ ረቂቅ በሉት፣ ተጨባጭ በሉት፣ እሱ የናንተ ፋንታ ነው። ወሎ ግን እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ካሜራ ሜዳ ላይ ቆማ ነው የተነሳችው። ቤት እንደነበራት፣ ቤቷም ጎተራ እንደነበረው የሚያሳይ ፎቶ ዕዳ አለብን።

ጎተራችሁ ይሙላ!